ተቻችሎ መኖርና የኑሮ ዕድገት፤ ከጣና ዳር ታሪክ



ባለፈው ዓመት በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤያችን በመተዳደሪያ ደንባችን የአባልነት አንቀጽ ላይ ብዙ ክርክር መነሣቱን የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። ከሐይቁ ዳር የሚኖሩ ሦስት ቤተሰቦች እንመዝገብ ብለው አመልክተው፣ ጉዳዩ «ይጠና» ተብሎ ለዘንድሮ ተላለፈ። እኔም እጄን አውጥቼ ነበር። ሆኖም ሰዓቱ መሽቶ ስለነበረ ሰብሳቢያችን «ጋሼ፣ ያለዎትን ለመጽሔቱ ይጻፉት» ብለው አስቀመጡኝ። እነሆ ጻፍኩት። ረዘመ ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ፤ ሰብሳቢያችንን ነው መቀየም።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ትምህርቴን ያገኘሁት መዝገብ ቤት ውስጥ ከፋይል አቧራ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ከመጽሐፍና ከሽማግሌ ጨዋታ ነው። ስለዚህ የታሪክ ሊቅ ነኝ አልልም። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገቢና ወጪ ደብዳቤ የመዘገበ ሰው፣ አንድ ነገር ከየት ገብቶ ወዴት እንደ ወጣ የመከታተል ልማድ ይኖረዋል። በዚህ ጽሑፍም የተከታተልኩት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይኸውም በዚህ በጣና ዙሪያ ሰው ከማይመስለው ሰው ጋር ተቻችሎ በኖረ ጊዜ ኑሮው ምን ሆነ፣ ሲገፋውስ ምን ሆነ የሚለው ነው። መቻቻል ሲባል ብዙዎቻችን ስለ ጽድቅ ብቻ የሚወራ ይመስለናል። እኔ ግን ስለ ጽድቁ የሚናገሩ አባቶች ስላሉን ለእነርሱ ትቼ፣ ስለ ገበያው ነው የምጽፈው።

ነገሩን ከኖራ ልጀምር። ጢስ ዓባይ የሄደ ሰው አሮጌውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮታል። ይህ ድልድይ የተሠራው በአጼ ሱስንዮስ ዘመን በ1618 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት በአገራችን ድንጋይ በጭቃ ይያያዝ ነበር እንጂ ኖራ አቃጥሎ መገንባት በዚያ ዘመን አልተለመደም ነበር። የኖራውን ጥበብ ያስፋፉት ከጀስዊት ካህናት ጋር ተያይዘው ከሕንድ አገር የመጡ ግንበኞች ናቸው። እዚሁ በከተማችን በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ግቢ ያለውን የድንጋይ ሕንጻም ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ጀስዊት እንዳሠራው ይነገራል። ፓኤዝ ብልህ ሰው ነበር፤ ቋንቋችንን ተምሮ፣ ሰውን አክብሮ ነው የኖረው። እርሱ ከሞተ በኋላ በ1617 ዓ.ም. የመጣው ጳጳሱ ሜንዴዝ ግን «የእናንተ ጥምቀት ጥምቀት አይደለም፣ ክህነታችሁም ክህነት አይደለም» ወደ ማለት ሄደ። ታድያ አገር በአመፅ ተናወጠ፤ ገበሬው ማረሻውን ጥሎ ጦር አነሣ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሱስንዮስ ራሳቸው በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ ልጃቸው ፋሲልም ነግሠው ጀስዊቶቹን ከአገር አስወጡ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አለመቻቻል የባለ አገሩ ጥፋት ብቻ አይደለም። እንግዳም ቢሆን ባለቤቱን ካልታገሠ ቤቱን ያፈርሳል። ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ አጼ ፋሲል ካህናቱን ቢያስወጡም ኖራውን አላስወጡም። በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ያን የመሰለ ግንብ ያቆሙት በዚያው በኖራ ነው። በግንቡ ሥራ ቤተ እስራኤል ግንበኞችና አንጥረኞች ብዙ ደክመዋል። እንግዲህ የጎንደርን ግንብ ቆመን ስንመለከት የሕንዱም፣ የፖርቱጋሉም፣ የቤተ እስራኤሉም፣ የአማራውም እጅ አለበት ማለት ነው። የንጉሡ ስም ብቻ ነው በላዩ የቀረው። የግንበኛ ስም ማን ይጽፋል!

የፋሲል ልጅ ጻድቁ ዮሐንስ በ1660 ዓ.ም. በጎንደር ጉባኤ አድርገው አንድ ውሳኔ ወሰኑ። ፍራንኮች ከአገር ይውጡ፣ እስላሞች ከክርስቲያኖች ጋር ተቀላቅለው አይኑሩ፣ ፈላሻ የሚባሉትም (ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ) ለብቻቸው ይስፈሩ ተባለ። የሙስሊሞቹ ሰፈር እስላም ቤት ተባለ፤ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። የቤተ እስራኤሎቹም ካይላ ሜዳ ተባለ።

በሚገርም ሁኔታ ከዚህ ጥቂት ዓመት ዘግይቶ በ1678 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ አሥራ አራተኛ አያታቸው ለፕሮቴስታንቶች ሰጥተውት የነበረውን የእምነት ፈቃድ ሻሩት። ወደ 200 ሺህ የሚገመት ሰው ድንበር እየጣሰ ተሰደደ። ከተሰደዱት መካከል ሐር ሠሪው፣ ሰዓት ሠሪው፣ ኮፍያ ሠሪው ብዙ ነበረ። እንግሊዝ፣ ሆላንድና የፕሩስ ገዢ በደስታ ተቀበሏቸው፤ የፕሩሱ እንዲያውም ኑ ብሎ አዋጅ አወጣላቸው፣ ቦታም ሰጣቸው። ፈረንሳይ ያሠለጠነችውን እጅ ጎረቤቶቿ በነጻ ወሰዱት።

አሁን አንድ አዋቂ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል። «ጎንደር ከዚያ አዋጅ በኋላ መች ወደቀች? እንዲያውም በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን ደመቀች እንጂ» ይለኛል። እውነቱን ነው። እኔም ይህን ነገር ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። የደረስኩበት ይህ ነው፦ የእኛ ነገሥታት እንደ ፈረንሳዩ ገፍተው አላስወጡም፤ ሰፈር ለዩ እንጂ። ንጉሡ የውጭ አገር ጉዳያቸውን የሚያስፈጽሙት ሙራድ በተባለ አርመን ነጋዴ ነበር፤ እስከ ሩቅ ምሥራቅ እስከ ባታቪያ ድረስ ተልኮ የሆላንዶችን ስጦታ ይዞ ይመለስ ነበር። ሲራራ ንግዱም በሙስሊሞች እጅ ቀጠለ። ለምን ቢሉ መሬት የላቸውም። ርስት ለሙስሊም አይገባውም ይባል ስለነበረ፣ ሙስሊሙ ወይ ሸማ ይሠራል፣ ወይ በቅሎ ጭኖ ይነግዳል። «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚል መጥፎ አባባል ነበረን። ዛሬ ሲሰሙት ያሳፍራል፤ በዚያን ጊዜ ግን እንደ ሕግ ይጠቀስ ነበር።

እንዲያው ግን የጣናን ንግድ ተመልከቱ። ዘጌ ደሴት መሰል ምድር ናት፤ በገዳም ሥርዓት አይታረስባትም፣ ደኑ ውስጥ ቡና ይበቅላል። ያ በመነኮሳት አገር የተለቀመ ቡና በታንኳ ሐይቁን ተሻግሮ፣ በሙስሊም ነጋዴ አህያ ተጭኖ በመተማ በኩል ሱዳን ይወርድ ነበር። በምላሹ ጨርቁ፣ መስተዋቱ፣ ሽቶው ይመጣል። ይፋግ ላይ አሞሌ ይሸጣል። ጧፍ የሚያበራው ካህንና ሰላት የሚሰግደው ነጋዴ በአንድ ገመድ ነበር የታሰሩት፤ በአንድ ማዕድ ግን አልቀረቡም። (የባሪያ ንግድም በዚሁ መንገድ ያልፍ እንደነበረ አልደብቅም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እጁ ነበረበት።) ስለዚህ ያ መቻቻል ግማሽ መቻቻል ነበር። ጥቅሙን ተቀበለ፣ ሰውየውን ግን አልተቀበለም። ግማሽ መቻቻልም ግማሽ ዕድገት ሰጠ እላለሁ።

ግማሹም ሲቀር ምን እንደ ሆነ በ1870 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ አጼ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ወሰኑ። ንጉሠ ነገሥቱ አገር አንድ ይሁን ብለው ነው፤ በመጨረሻም መተማ ላይ ስለ አገራቸው ሕይወታቸውን የሰጡ ንጉሥ ናቸውና ክብራቸውን አልነካም። ነገር ግን ብዙ ነጋዴ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ሸሸ። መንገዱን፣ ወንዙን፣ ገበያውን የሚያውቀው ሰው በድርቡሽ ወገን ሆነ። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደር ገብተው ከተማዋን አቃጠሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን አነደዱ፣ ሕዝብ ማርከው ወሰዱ። ለዚህ ጥፋት አንዱ ምክንያት ብቻ ነው አልልም፤ ከድርቡሽም ጋር የተጣላነው በብዙ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የገፋኸው ሰው መንገድህን ያውቃል። ጎንደርም ከዚያ ወዲያ ወደ ቀድሞው የንግድ ክብሯ ለመመለስ ብዙ ዘመን ፈጀባት።

አሁን ወደ እጅ ሥራ ልምጣ። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህኛው ነው።

በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቡዳ ይባላል። ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ነው። ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ ነው። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ የውጭ አገር ባለ እጆችን ሰብስበው በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስፈሰሱ። ንጉሥ ሆነው ከአንጥረኛ ጋር መዋል አላሳፈራቸውም። ሲሞቱ ግን ጋፋትም አብሮ ሞተ፤ ምክንያቱም ልጁን ወደዚያ ሥራ የሰደደ ጨዋ አልነበረም። አጼ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። ሁላችን የአዳምና የሔዋን ልጆች ነን፣ ብረት የሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሠራውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ ብልሁን ሞኝ እየሰደበው አገር ተቸገረ፣ የሚሳደብም ይቀጣል የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። በዚያው አዋጅ ውስጥ ጸሐፊ «ጠንቋይ» እየተባለ እንደሚሰደብም ተነግሯል። ያን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ለካ የእኔም ሙያ ከተሰዳቢዎቹ ጎራ ነበረ።

ስድብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ስድቡ ኢኮኖሚ ይሠራል፣ ወይም ያፈርሳል። እስቲ አስቡት፤ አንጥረኛው መሬት የለውም፣ ስለዚህ ጥሪት አያጠራቅምም። ልጁ ትምህርት ቤት ቢገባ ይሰደባል፣ ስለዚህ አይገባም፣ የአባቱን ሥራ በአባቱ መንገድ ብቻ ይሠራል። ፊደል የቆጠረው ልጅ ደግሞ መዶሻ አይነካም። ስለዚህ ዕውቀቱ በአንድ ቤት፣ ሙያው በሌላ ቤት ይቀራል፤ ሁለቱ አይጋቡም። ማረሻችን ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ያው የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው የሕዝብ ሀብት ምንጩ ሥራና ዕውቀት መሆኑን አጥብቀው ጽፈዋል። እኔ ያልኩትን እርሳቸው ቀድመው በተሻለ ቋንቋ ብለውታል።

ከራሴ ልናገር። በ1964 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍል እንደ ጨረስኩ፣ በሰፈራችን ከአሥመራ የመጡ አንድ ሰው የብረት በርና መስኮት የሚበየድበት ቤት ከፍተው ነበር። ሰውየው ወደውኝ ለአባቴ «ይህን ልጅ ስጠኝ፣ ሙያ ላስተምረው» አሏቸው። አባቴ በትሕትና «እናስብበታለን» ብለው ሸኙአቸውና በሩ ሲዘጋ «ልጄን ጠይብ ላደርገው ነው እንዴ!» አሉ። እኔም ጸሐፊ ሆንኩ። በእኔ ፈንታ የገባው የጎረቤት ልጅ ዛሬ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት አለው። ቀንቼ አይደለም የምጽፈው። ትንሽ ቀንቼም ሊሆን ይችላል።

በዚህ በጣና ዳር ከሁሉ በታች የተገፉት ግን ወይጦ የምንላቸው ናቸው። ይህ ስም በሰው አፍ ስድብ ስለሆነ እነርሱ ነገደ መባልን ይወዳሉ። ከሐይቁ ዳር ቀዳሚ ነዋሪዎች መሆናቸው ይነገራል። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ዛሬ ጠፍቶ አማርኛ ብቻ ይናገራሉ። ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበረ ክርስቲያኑ ርኩስ አላቸው፤ እነርሱ ሙስሊም ነን ሲሉ ደግሞ ሙስሊሙም በማዕዱ አላቀረባቸውም። ከሁለቱም የወጣ ሕዝብ። ነገር ግን በዚህ ከተማ የነርሱን እጅ ያልተጠቀመ ማን አለ? ከደንገል ታንኳ የሚያስሩት እነርሱ ናቸው። የምንፈጭበትን የወፍጮ ድንጋይ ወቅረው ያመጡልን እነርሱ ናቸው። ሴቶቹ ቅርጫትና ሰሌን ይሠራሉ። የጉማሬ አለንጋ የያዘ ጌታ፣ አለንጋውን ከማን እንደ ገዛው እያወቀ በዚያው አለንጋ ሲያስፈራራቸው ኖሯል። በልጅነቴ ቅዳሜ ገበያ ከዘጌና ከደቅ በታንኳ የሚመጣውን እንጨትና ሎሚ ስናይ ሐይቁ በታንኳ ይሸፈን ነበር። ሚዛኑ ላይ የነርሱ ድካም ስንት ይመዝን እንደነበረ የጠየቀ አልነበረም።

ባሕር ዳር ራሷ ያደገችው እንዴት ነው? በጣልያን ጊዜ የጀልባ ማረፊያና ጥቂት ቤት ያላት ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1953 ዓ.ም. ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ። የዓባይ ድልድይም በዚያው ሰሞን ተሠራ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒክ ተከፈተ፣ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ የውኃ ኃይል መብራት ሰጠ። ካሣ የከፈለው ትናንት በመርዝ ጋዝ የፈጀን አገር ነው፤ አስተማሪ የላከው ደግሞ እግዚአብሔር የለም የሚል መንግሥት ነው። በዚያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ የተቀባ ንጉሥ ነኝ የሚሉ ናቸው። ሆኖም ተቀባብለው ሠሩ።

አባቴም ሥራ ፍለጋ የመጡት በዚያን ጊዜ ነው። የእኛ ቤት ባለበት መደዳ አንዱ ከአሥመራ፣ አንዱ ከድሬዳዋ፣ አንዱ ከወሎ የመጣ ሙስሊም፣ አንዷ ከአገው ምድር የመጡ ጠላ ጠማቂ ነበሩ። ባላገሩ በመጀመሪያ «መጤ» ይለን ነበር። ፋብሪካው ግን ሽፍት ሲያወጣ ሃይማኖት አይጠይቅም። ከለሊት ሽፍት ሲወጡ አባቴና የወሎው ጎረቤታችን አንድ ላይ ነበር የሚመለሱት፤ ጅብ ስለሚፈሩ። እኔ እንዲያውም መቻቻል ከስብከት ይልቅ በጅብ ፍርሃት ይጸናል እላለሁ። ሰው አብሮ የሚሠራውን ሰው ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ከዚያ ቤቱ ሲታመም ይጠይቀዋል፣ ከዚያ ያበድረዋል፣ ከዚያ እቁብ ይገባሉ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የከተማችን ሕዝብ ከ150 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ከአንድ መንደር አልተወለደም።

የእኛን ከተማ ታሪክ ከሌላ ከተማ ጋር ላወዳድር። ዓባያችን ከጣና ይወጣል፤ ነጭ ዓባይ ደግሞ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው ኡጋንዳ ውስጥ ጂንጃ በምትባል ከተማ ነው። ጂንጃ ልክ እንደ ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ናት፣ እንደ እኛው ከዓባይ መውጫ አጠገብ ግድብ አላት (በ1946 ዓ.ም. የተመረቀ ነው)፣ እንደ እኛው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፤ በአቅራቢያዋ ካኪራ የሚባል ትልቅ የስኳር ፋብሪካም አለ። እህት ከተማ ብትባል ይገባታል። ሱቁና ፋብሪካው በአብዛኛው በእስያውያን እጅ ነበር፤ አባቶቻቸው በእንግሊዝ ጊዜ ከሕንድ የመጡ ናቸው። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. ኢዲ አሚን በ90 ቀን ውስጥ ለቃችሁ ውጡ አላቸው። እኔ የዚያን ጊዜ ልጅ ሆኜ በጎረቤት ሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ ትልልቆቹ «ጎበዝ ነው፣ ሀብቱን ለአገሬው ሰጠ» እያሉ ያደንቁ ነበር። ሱቁ ለወታደርና ለባለ ሥልጣን ታደለ። ወታደሩ ያገኘውን ዕቃ ሸጦ ጨረሰ፤ ሌላ ከየት እንደሚመጣ አያውቅም። የስኳር አገር የነበረችው ኡጋንዳ ስኳር አጣች። ጂንጃም ለብዙ ዓመት የተዘጋ ሱቅ ከተማ ሆነች። ኋላ ላይ የመጣው መንግሥት የተባረሩትን ኑ ንብረታችሁን ውሰዱ ብሎ ጠራ፤ አንዳንዱ ተመለሰ፣ አብዛኛው ግን እንግሊዝና ካናዳ ሄዶ ሱቅ ከፍቶ ነበር።

እስያውያኑ በአገሬው ላይ በደል አልነበራቸውም ማለቴ አይደለም። ጥቁሩን ሠራተኛ አንሰው የሚያዩ፣ ከርሱ ጋር የማይጋቡ፣ በማዕድ የማይቀርቡ ብዙ ነበሩ። ኢዲ አሚንን ያስጨበጨበለት ይኸው ነው። ነገሩ ሁሉ ከኛው ግማሽ መቻቻል ጋር አንድ ነው፤ አብሮ የማይበላ ሰው በክፉ ቀን የሚቆምለት አያገኝም።

በአገራችንም የተሻሩ ነገሮች አሉ። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ ብዙ ክርስቲያኖች አብረው ወጡ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የእስልምና በዓላት እንደ ክርስቲያኑ ሁሉ ብሔራዊ በዓል ሆኑ፤ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ሙስሊሙም አንጥረኛውም መሬት ሊያገኝ ይችላል አለ። ደርግ ሌላ ብዙ ግፍ ሠርቷል፤ ይህን ግን አንክድም። ቤተ እስራኤሎቹን በተመለከተ ግን ዘገየን። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወጡ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ተጭኖ ሄደ። ሄደው ያገኙትን እኔ አልቆጭበትም፤ የአባቶቻቸው ናፍቆት ነው። ደምቢያ ያሉ አጎቴ ግን በዚያ ዓመት ክረምት ማረሻ ዶልዱሞባቸው የሚያስሉበት ሰው አጥተው ሁለት ቀን በእግር ሄዱ። ሲመለሱ የነገሩኝን አልረሳውም፦ «ያን ሰውዬ ሠላሳ ዓመት ቡዳ እያልኩ ልጆቼን ከርሱ ስሸሽግ ኖርኩ። ዛሬ በጎተራዬ ልክ ናፈቀኝ» አሉ።

እንግዲህ ወደ እድር ልመለስ። ይህን ለመጻፍ የደፈርኩበትን ምክንያትም አሁን ልናገር።

በ1986 ዓ.ም. ወደዚህ ሰፈር ከመዛወሬ በፊት በነበርኩበት እድር ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ከሐይቅ ዳር የመጣ፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚወቅርና እንጨት በታንኳ የሚያመላልስ ሰው በሰው አስጽፎ ማመልከቻ አቀረበ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ማንም ምክንያቱን በአፉ ሳይናገር ተግባባ። እኔም «ማመልከቻዎ ተመርምሮ ለጊዜው የአባላት ቁጥር የተሟላ በመሆኑ ወደፊት ቦታ ሲገኝ የምናሳውቅዎ መሆኑን እንገልጻለን» ብዬ ጻፍኩ፣ ቁጥርና ቀን ሰጠሁት፣ ማኅተም አደረግሁበት። በዚያው ወር ሁለት ሌሎች ሰዎች መዝግበናል። እድርን ለማያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ይመስለዋል። እናንተ ግን ታውቁታላችሁ፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ለፋፊው፣ መቃብር ቆፋሪው፣ ለሐዘንተኛው የሚሰጠው ገንዘብ፣ ሁሉም በአንድ ቀን የሚያስፈልግ ነገር ነው። እድር የሌለው ድኃ ሬሳ ሲወጣበት ምን ይሸጣል? የሚሠራበትን ዕቃ ይሸጣል።

ሰውየው በዓመቱ ሚስቱ ሞተችበት። ከጥቂት ወር በኋላ ገበያ ውስጥ እንጨት በጀርባው ተሸክሞ አገኘሁት። ታንኳህስ ብዬ ጠየቅሁት፤ መቼም የጸሐፊ ነገር፣ መጠየቅ አይተውም። «ለቀብሩ ሸጥኩት ጌታዬ፣ መሮዬንም ሸጥኩት» አለኝ። አልተቆጣም፣ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ መሆኔንም አላወቀም። ከዚያ በኋላ ባየሁት ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ሁለት የሥራ ዓይነት የነበረው ሰው የቀን ተሸካሚ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስለ አገር ዕድገት ትልቅ ትልቅ ንግግር በሰማሁ ቁጥር ያ ደብዳቤ ነው የሚመጣብኝ።

በጉባኤው የተነሣውን የምግብ ነገር አልረሳሁትም። «ለቅሶ ላይ ምን ያቀርቡልናል፣ እኛስ ምን እናቀርብላቸዋለን» ተብሏል። ሐቅ ነው፣ ሰው የሃይማኖቱን ሥርዓት እንዲጥል ማንም አይጠይቀውም። እኛ እኮ ሙስሊምና ክርስቲያን አባላት ይዘን ይህን ያህል ዓመት የኖርነው ሥጋውን ለየብቻ አድርገን፣ ንፍሮውን፣ ሽሮውንና ሻዩን በጋራ አቅርበን ነው። ጉማሬውም ቢሆን ከእንግዲህ በማንም ድስት ውስጥ የለም፤ የዱር አራዊት ጥበቃ ከለከለው፣ ጉማሬውም አነሰ። ንፍሮ ደግሞ ማን እንዳፈላው ስትቀምሱት አይናገርም።

ጠቅላላ ጉባኤው ሲጠራ ያ የ1986ቱ የወጪ ደብዳቤ ግልባጭ በእጄ ስላለ ይዤው እመጣለሁ፤ ማየት የሚፈልግ ያየዋል። የሦስቱ ቤተሰቦች ማመልከቻ በእድራችን ፋይል ውስጥ እንዳለ ነው። የመመዝገቢያውን ገንዘብ አምና ከፍለው ደረሰኝ ተቆርጦላቸዋል፤ ገንዘብ ያዣችን እስካሁን በተንጠልጣይ ሒሳብ ይዘውታል። እስከ ዛሬ አንዳቸውም ይመለስልን ብለው አልጠየቁም።